ስንት አርፒኤም ነው ልክ? የኮምፒውተር ፋንና የመኪና ሞተር ነገር

የሠርግ_ኤዲተር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው።

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለች አንድ ክፍል የሠርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ኮምፒውተሬ ሲፒዩው (ዋናው አስሊ ቺፕ) ላይ አንድ፣ ኬዙ ላይ ሁለት፣ ሁሉም ባለ 120 ሚሊሜትር ፋኖች አሉት። ሬንደር (ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ ማውጣት) ስጀምር ሦስቱም 1900 አርፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 1900 ዙር ድረስ ይወጣሉ። እነሱ እየጮኹ ድምፅ መቅዳት ቀርቶ ከደንበኛ ጋር ዋጋ መነጋገርም ያስቸግራል። አንድ ወዳጄ ዩቲዩብ ላይ አይቶ «800 ላይ ቆልፈው፣ የቀረው ለሾው ነው» አለኝ። ተቆለፈ፣ ጸጥ አለ፤ ግን ሲፒዩው 96 ዲግሪ ገባና ሬንደሩ መጎተት ጀመረ።

ሌላው መኪና ነው። ቤት ውስጥ ያለችው ቪትዝ ናት፣ አንድ ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ። በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ በ100 ስሄድ ቆጣሪው 3000 አካባቢ ነው፤ ሽቅቡ ላይ 4000ን ያልፋል። አጎቴ አይሱዙ ነው የሚይዘው፣ ከአርሲና ከባሌ እህል ይጭናል። አጠገቤ በተቀመጠ ቁጥር «ከ2000 በላይ የሚዞር ሞተር ዕድሜ የለውም፣ ልታቃጥላት ነው» ይለኛል።

እና መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ በ1900 ዙር ጆሮ ትበጥሳለች፣ ብረት ሞተር በ3000 ምንም አይመስለውም። ልክ የሚባል ዙር አለ ወይስ ሁሉም በግምት ነው?

ቀልደኛው_ናዝሬት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡16

ጆሮ መድፈኛ ግዛ፤ አንድ ለራስህ፣ አንድ አጎትህ ሲሳፈሩ።

ብሎወር_በእጄ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

የኮምፒውተሩን እኔ ልውሰደው፣ ጥገና ሥራዬ ነው። ለመኪናው ባለሙያ ይምጣ።

ወንድሜ፣ 800 ያለህ ልጅ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ያንተን ክፍል ሳያይ መናገሩ ነው። ፋን ላይ አራት ነገሮች ከዙሩ ጋር አብረው ይሄዳሉ፣ ግን እኩል አይሄዱም። ዙሩን እጥፍ ብታደርገው የሚገፋው አየር እጥፍ ይሆናል። አየሩን የሚገፋበት ግፊት ግን አራት እጥፍ ነው። የሚበላው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። ድምፁ ወደ 15 ዲሲቤል ይጨምራል፤ የሰው ጆሮ በየ10 ዲሲቤሉ «እጥፍ ጮኸ» ብሎ ስለሚሰማ ያ ብዙ ነው።

ይህንን ወዳንተ ቁጥር አምጣው። ከ1900 ወደ 1300 ብታወርደው አየሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንስብሃል። ድምፁ ግን 8 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ የፋኑ ጉልበት ወደ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። ለሲፒዩው ይህ ብዙ ጊዜ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ነው። ምክንያቱም ሙቀቱ ከቺፑ ወጥቶ ፔስቱን (በቺፑና በመዳቡ መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ)፣ መዳቡን፣ ክንፎቹን አልፎ ነው አየር ጋር የሚደርሰው፤ ፋኑ የሚረዳው የመጨረሻዋን ደረጃ ብቻ ነው። ከ1300 ወደ 800 ስትወርድ ግን የሙቀቱ ዋጋ ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ላይ አትቆልፈው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተህ ከሙቀቱ ጋር እንዲሄድ መስመር ሥራለት፦ እስከ 50 ዲግሪ 700፣ 65 ላይ 1000፣ 75 ላይ 1300፣ 85 ካለፈ ሙሉውን ይልቀቅ። ፋኑ ወዲያው ወዲያው ከፍ ዝቅ እያለ እንዳያሰለችህ ደግሞ የምላሽ ማዘግያውን ጥቂት ሰከንድ ስጠው፤ አንድ ወጥ ድምፅ ጆሮ ይለምዳል፣ የሚዋዥቀውን አይለምድም።

አሁን ዋናው። ጎንህን ከፍተህ አይተኸዋል? አዳማ ላይ በበጋ ወደ እኔ የሚመጣ ኮምፒውተር አብዛኛው ታሪኩ አንድ ነው። የሲፒዩውን ፋን አራት ብሎን ፈትተህ ስታነሳው፣ በፋኑና በክንፎቹ መካከል አቧራው ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኘዋለህ፤ በጥፍር ጠርዙን ስትይዘው አንድ ላይ ተያይዞ ይነሳል። እዚያ ላይ 1900 አይደለም 3000 ብታዞረው አየሩ አያልፍም፣ ዞሮ በጎን ይወጣል። ብሎወር ስታደርግ የፋኑን ምላጭ በጣትህ ያዘው፤ በንፋሱ ከልኩ በላይ ሲበር ኩሽኔታውን ይጎዳል። ፔስቱንም በዚያው ቀይረው።

ኬብል_ቆራጭ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሙሉ ፍጥነት ላይ አድርገህ ተወው። ፋን ርካሽ ነው፣ ሲፒዩ ስንት ነው?

ብሎወር_በእጄ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ሙሉ ፍጥነት ላይ የሚኖር ፋን ብዙ አየር ብቻ አይደለም የሚስበው፣ ብዙ አቧራም ነው። ያን ብርድ ልብስ በፍጥነት የሚያነጥፈው እሱ ነው። ሥራ ፈት ሆኖ 45 ዲግሪ ላይ ለተቀመጠ ሲፒዩ ምን ይረዳዋል?

የሠርግ_ኤዲተር፣ ሌላ ልጨምርልህ። ሁለቱ የኬዝ ፋኖች ሽቦአቸው ሦስት ነው ወይስ አራት? አራት ከሆነ ማዘርቦርዱ 12 ቮልቱን ሳይነካ በአራተኛው ሽቦ በምልክት ያዘዋል፣ ዝቅ ያለ ዙር ላይም ሳይንገዳገድ ይዞራል። ሦስት ከሆነ ዙሩን የሚቀንሰው ቮልቱን በመቀነስ ነው፤ በጣም ካወረድከው ጭራሽ ሳይነሳ ይቀራል። ባዮስ ላይ የሦስቱን ወደ «ዲሲ»፣ የአራቱን ወደ «ፒደብልዩኤም» አድርገው። ይህች ብቻ ተሳስታ «ፋኔ አልታዘዝ አለ» የሚሉ ስንት ናቸው።

ትልቅነትም ቁጥሩን ይለውጠዋል። የአንተ 120 ሚሊሜትር በ1200 የሚሠራውን ሥራ 80 ሚሊሜትሩ ወደ 3000 ካልተጠጋ አይሠራውም። ሰርቨር ውስጥ ያሉት 40 ሚሊሜትሮች ከ10 ሺህ በላይ ይዞራሉ፣ ለዚህ ነው ሰርቨር ክፍል ገብቶ መነጋገር የማይቻለው። እኩል የሚጮሁ ሁለት ፋኖች ከአንዱ በ3 ዲሲቤል ብቻ ነው የሚበልጡት፤ አንዱን እጥፍ ማዞር ግን 15። ገንዘብ ካለህ ዙር አትጨምር፣ ፋን ጨምር።

ከፍታ_ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

የተረሳ ነገር አለ፣ ከፍታ። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ15 እስከ 18 በመቶ ይሳሳል። ፋኑ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው የአየር ስፋት ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ቀሏል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። በዚያ ላይ ዩቲዩብ ላይ 800 ያለው ሰውዬ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ያንተ ቆርቆሮ ሥር ከሰዓት በኋላ 32 ቢሆን አይገርመኝም። 12 ዲግሪው በቀጥታ ሲፒዩው ላይ ይደመራል።

የሠርግ_ኤዲተር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡51

ብሎወር_በእጄ እህቴ፣ በጣም ነው የማመሰግነው። ነገ እከፍተዋለሁ። የመኪናውስ?

ጋሽ_ሚኒሞ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እንደምን አደራችሁ። ልጄ፣ አጎትህ ለራሳቸው መኪና ትክክል ናቸው፤ ለቪትዟ ግን አይሠራም።

አይሱዙ ናፍታ ነው። ፒስቶኑ ከባድ፣ መንገዱ ረጅም፣ ናፍታውም ተረጭቶ ለመቃጠል ጊዜ ይፈልጋል። ጉልበቱን የሚሰጠው ከ1500 እስከ 2000 ባለው ነው፣ 3000 አካባቢ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል። ሰውዬው በጆሮአቸው የሚያውቁት ያንን ነው። ያንተ ደግሞ ቤንዚን፣ ሦስት ትናንሽ ፒስቶን። የቪትዟ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር ትልቁን የመጠምዘዝ ኃይል የሚሰጠው 3600 ላይ፣ ሙሉ ፈረስ ጉልበቱን 6000 ላይ ነው። 3000 ላይ ስትሄድ ግማሽ መንገድ ላይ ናት። 4000 ሽቅብ ላይ ሥራዋ ነው፣ ተዋት ትሥራ።

ሞተር የሚገድለው ዙር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጋራዥ የሚመጣው ብዙው ሌላ በሽታ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በ1200 ዙር አራተኛ ማርሽ ከትቶ አሰላ የሚወጣ ሰው። አሰላ ስትወጣ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ትጨምራለህ። በዚያ ዙር ነዳጁን ሲረግጠው ሞተሩ ያቃስታል፣ መሪው በእጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ከሆነ ቴስታታው ውስጥ ኳ ኳ ይላል። የዘይት ፖምፓው የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ዙሩ ሲወርድ የዘይቱ ግፊትም ይወርዳል፣ ፒስቶኑ ላይ ያለው ጫና ግን ከፍተኛ ነው። ኩሽኔታ የሚበላው ያኔ ነው። ማርሽ መልስ፣ 2500 ላይ አድርጋት፣ ድምፁ ይለወጣል።

ሚኒሞም (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆማ የምትዞርበትን) ልንገርህ። ሞቃ ሳለች 700 እስከ 800 ልትቆም ይገባል። ጠዋት እንደተነሳች 1200፣ 1500 ብትል አትደንግጥ፣ እየሞቀች ትወርዳለች። ሞቃም 1100 ላይ ከቀረች አየር ከማይገባበት እየገባ ነው፣ ወይ የአየር መግቢያው በጥቀርሻ ተይዟል። ጠዋት አስነስቶ ወዲያው ማስጮህ ግን ይቅርብህ፤ ዘይቱ ገና ላይ አልደረሰም።

ዜድ_አዳማ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡02

ጋሼ፣ እና አጎቱ 2500 ቢያስኬዱት ምን ይሆናል? ጎቨርነር (ዙር ገዳቢ) አለው አይደል፣ ራሱ ይጠብቃል።

ጋሽ_ሚኒሞ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡35

ሽቅብ ላይና ሜዳ ላይ ይጠብቃል። ቁልቁለት ላይ አይጠብቅም። ጎቨርነር የሚያውቀው ናፍታ መቀነስ ብቻ ነው። 50 ኩንታል ጭኖ ከአሰላ ሲወርድ ሁለተኛ ማርሽ በፍጥነት ላይ ቢያስገባ፣ ናፍታው ጭራሽ ተዘግቶም ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። 4000 ሊሄድበት ይችላል። ቫልቭ ከፒስቶን ጋር የሚጋጨው እዚያ ነው። የአጎቱ ፍርሃት ከዚያ የመጣ ከሆነ ክብር ይገባቸዋል፣ ብዙ የአርሲ ሾፌር አይቶታል።

ስለዚህ ቁልቁለት ሳይጀመር፣ ገና ሜዳው ላይ ማርሹ ይያዝ።

ሦስተኛ_ዓመት_ሜካኒካል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ፈተና አለብኝ፣ ግን ይህን ማለፍ አልቻልኩም።

«ፕላስቲኩ በ1900 ይጮኻል፣ ብረቱ በ3000 ዝም» ላለው፦ አርፒኤም ብቻውን ምንም አይነግርህም። የሚነግርህ የሚንቀሳቀሰው አካል በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ነው። ለሞተር የፒስቶኑን አማካይ ፍጥነት ያዝ። ፒስቶን በአንድ ዙር አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል፤ ስለዚህ የምቱን ርዝመት በሁለት አባዝተህ በዙር ቁጥር ታባዛለህ፣ በ60 ታካፍላለህ። የዚያች ቪትዝ ምት 84 ሚሊሜትር ነው። በ3000 ዙር 8.4 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በ6000፣ 16.8።

አሁን በትልቅነታቸው ስማቸው የሚጠራውን የመርከብ ናፍታ ሞተር እንይ፣ ዋርትሲላ ሱልዘር አርቲኤ96ሲ የሚባለውን። ምቱ 2.5 ሜትር ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ሙሉ ኃይሉ ላይ የሚዞረው በደቂቃ 102 ጊዜ ብቻ። አስሉት፦ 8.5 ሜትር በሰከንድ። ኮንቴይነር የሚያሻግረው መርከብና የእኛ ቪትዝ ፈጣን መንገድ ላይ፣ ፒስቶናቸው እኩል ነው የሚሄደው ማለት ነው! 102ም ልክ ነው፣ 3000ም ልክ ነው።

በሌላው ጫፍ ፎርሙላ ዋን አለ። በ2006 የነበሩት ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች 20 ሺህ ዙር ደርሰው ነበር፣ በ2007 ሕጉ 19 ሺህ ላይ ገደበው። ያን የቻሉት ምቱን ወደ 40 ሚሊሜትር ስላሳጠሩት ነው፤ ያም ሆኖ ፒስቶኑ ከ26 ሜትር በሰከንድ ያልፋል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ፒስቶኑን ለማቆምና ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን የነሱ ሞተር ዕድሜ በሩጫ ነው የሚቆጠረው፣ የእኛ በመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር።

ቀልደኛው_ናዝሬት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡21

ቪትዝን ከመርከብ ጋር ያወዳደረ የመጀመሪያው ናዝሬቴ።

ከፍታ_ቆጣሪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ለፋንም ይሠራል። የምላጩ ጫፍ ነው የሚጮኸው። 120 ሚሊሜትር ፋን በ1900 ሲዞር ጫፉ 11 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይሄዳል።

ከዚህ ይልቅ ግን ከከተማው ቀና ብላችሁ ኮረብታው ላይ ያሉትን የንፋስ ማመንጫዎች እዩ። የአዳማ አንደኛው ጣቢያ 34 ተርባይን ነው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51። የሚሽከረከረው ክፍል ስፋቱ 77 ሜትር ነው። ሙሉ ሥራ ላይ በደቂቃ 17 ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞራል፤ ከሩቅ ለሚያየው የደከመው ይመስላል። ጫፉ ግን በሰከንድ ወደ 70 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ቢዞር ጩኸቱ ስለሚብስ የየብስ ተርባይኖችን ጫፍ ብዙ ጊዜ 70፣ 80 ሜትር አካባቢ ነው የሚገድቡት። አንደኛው ጣቢያ ላይ ያሉት ካምቢዮም የላቸውም፤ ጄኔሬተሩ በቀጥታ ከምላጩ ጋር በዚያችው 17 ዙር ይዞራል። ለዚህ ነው ትልቅ ቀለበት የሆነው።

ባለ_አባዱላ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

እስቲ ከእናንተ ልማር። የእኔ አባዱላ ናፍታ ናት። አሰላ ጭኜ ስወጣ ሙቀቷ አይነሳም። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሚኒሞ ስትሠራ ግን መርፌዋ ወደ ላይ ትጀምራለች። ቆማ እያረፈች ለምን ትሞቃለች? ራዲያተሩ ታጥቧል።

ጋሽ_ሚኒሞ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

የአንተ ፋን የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ 750 ላይ ሲሆን ፋኑም በዚያ ልክ ይንቀራፈፋል፣ ውኃውን የሚያዞረው ፖምፓም እንዲሁ። መንገድ ላይ ንፋሱ ራሱ ያግዝሃል፤ ሰልፍ ላይ ማንም የለም። መጀመሪያ ፋኑ መሐል ላይ ያለውን ክብ ነገር ፈትሽ፣ ሲሊኮን ዘይት ያለበትን። ሞተሩን አጥፋና ሞቃ ሳለች በእጅህ ፋኑን አዙረው። ያለ ምንም መያዝ ፍል ፍል ብሎ ከዞረ ዘይቱ ወጥቷል፣ ሲሞቅ አይነክስም። ቺንጊያውንም እይ፣ ልል ከሆነ ይንሸራተታል።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን። ርካሽ ነው፣ ማንም አይቀይረውም። ጣትህን እዚያ ላስቲኩ ላይ አድርገህ ተጫነው፣ ከተሰነጠቀ ጣለው።

ከፍታ_ቆጣሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡58

ጋሼ ክዳኑን ያነሡት በምክንያት ነው። አዳማ ላይ ውኃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 94፣ 95 ላይ ነው። ክዳኑ ግፊቱን ከያዘው ወደ 115 ይደርሳል። የሚያፈስ ክዳን ካለህ፣ ሞተሩ በተለመደው ሙቀቱ እየሠራ ሳለ ውኃህ መፍላት ይጀምራል።

ቤንዚን_ተወዷል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ወደ ቪትዟ ልመልሳችሁ። 3000 ሞተሩን አይጎዳም፣ እሺ። ኪሴንስ? እኔ 2000 ላይ ስነዳ ቤንዚኗ ትቆያለች።

ሦስተኛ_ዓመት_ሜካኒካል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

የሚቆይልህ 2000 ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ 70 ላይ ስለምትሄድም ነው። አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 100 ስትወጣ ለአየሩ ብቻ እጥፍ ገደማ ጉልበት ትከፍላለህ። ቆጣሪውን ትተህ የፍጥነት መርፌውን ቀንስ፣ ዙሩ ራሱ ይከተላል።

በእርግጥ እዚያው ፍጥነት ላይ ዝቅ ያለ ዙር ይሻላል፣ ሞተሩ ሳያቃስት እስከቻለ ድረስ። ሽቅብ ላይ ግን አይቻልም፣ ሒሳቡም ይኸው። ቪትዟ በ100 ሜዳ ላይ ስትሄድ አየሩንና ጎማውን ለማሸነፍ 15 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃታል። ሁለት ሰው ይዛ 1200 ኪሎ ብትመዝንና መንገዱ በየ100 ሜትሩ 3 ሜትር ቢነሳ፣ ለመውጣቱ ብቻ ሌላ 13 ይጨመራል። ካምቢዮው የሚበላውን ስትደምር ከ30 ትንሽ ታልፋለህ። አሁን ያላትን እዩ። መጽሐፉ ላይ 70 ፈረስ የሚለው ባሕር ጠለል ላይ፣ 6000 ዙር ሲሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ያጣል። አዳማ ላይ 16፣ አዲስ አበባ ስትደርስ 23 በመቶ። 3000 ዙር ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ብትረግጠው እዚህ ያላት 30 ፈረስ ገደማ ነው፣ ወደ ላይ ስትወጣ ያንንም እያጣች ትሄዳለች። የፈለገችው ከ30 በላይ! ስለዚህ ካምቢዮው ማርሽ መልሶ 4000 ያደርጋታል። ሌላ አማራጭ የላትም።

ባለ_ካርቡራተር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

የድሮ ኮሮላ ያለንስ?

ጋሽ_ሚኒሞ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡33

የአዲሶቹ ኮምፒውተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡራተር አያውቅም፣ ያንኑ ያፈሳል። ካንዴላህን ፈትተህ እይ፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ሀብታም፣ ማለትም ቤንዚን የበዛበት ነው የሚያቃጥለው። ለባሕር ዳርቻ አገር ተብሎ የገባ ጂግለር (የካርቡራተሩ ቤንዚን መለኪያ ቀዳዳ) ከሆነ ያለው፣ በአንድ ቁጥር ያነሰ ይግባለት።

የፕሪንተር_ቤት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ዙር ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። መብራት ሲጠፋ የምጠቀምበት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር አለኝ። ፎቶኮፒውና ሁለት ኮምፒውተር ሲበራ አምፖሉ ይደበዝዛል። ጎረቤት ያለ ሰው ብሎኗን ጠበቅ አድርጎ ዙሩን ጨመረልኝ፣ አምፖሉ ደመቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚይዘው) ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ከጄኔሬተሩ አልወስድም ብሎ ባትሪ ላይ ይቀራል። ዩፒኤሱ ነው የተበላሸው?

ብሎወር_በእጄ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡45

ዩፒኤስህ ደህና ነው፣ እያዳነህ ነው። እስካሁን ያወራነው ሁሉ ክልል አለው፦ ፋን ከ700 እስከ 1300፣ ሞተር ከ2000 እስከ 4000። ጄኔሬተር ግን ክልል የለውም ማለት ይቻላል። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ። የአንተ ዓይነት ትንንሾቹ አብዛኞቹ ሁለት ፖል (ሁለት የማግኔት ጫፍ) ናቸው፤ አንድ ዙር አንድ ምልልስ ነው። በሰከንድ 50 ዙር ማለት በደቂቃ 3000። ሆስፒታልና ሆቴል ያሉት ትልልቅ የናፍታ ጄኔሬተሮች ብዙዎቹ አራት ፖል ስለሆኑ 1500 ላይ ይዞራሉ፣ ለዚህም ነው ረጋ ያለ ድምፅ ያላቸው።

3000ውን 3400 ሲያደርገው ሄርዙ 57 አካባቢ ሆነ። ቮልቱም አብሮ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የዩፒኤሱ ወሰን አለፈ፣ ስለዚህ እምቢ አለ። ፎቶኮፒው እምቢ ማለት አይችልም፣ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

የፕሪንተር_ቤት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡52

ኧረ ጉድ። አሁን አጠፋሁት። ታዲያ አምፖሉ ለምን ደበዘዘ መጀመሪያ?

ጋሽ_ሚኒሞ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡10

ከአቅሟ በላይ ጫንክባት። ፎቶኮፒ ሲሞቅ ብቻውን ከአንድ ኪሎ ዋት በላይ ሊጎትት ይችላል። ጄኔሬተርህ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብብ፣ እኛ ከፍ ብለን ስለተቀመጥን ከዚያ ላይ 15 በመቶ ቀንስ። ከዚያ ፎቶኮፒው ሲሠራ አንዱን ኮምፒውተር አጥፋ። የአየር ማጣሪያዋንም እጠበው፣ አቧራ ከያዛት ጎቨርነሩ ቢከፍትላትም አትተነፍስም።

ብሎኗን ለመመለስ ሄርዝ የሚያሳይ መልቲሜትር ያዝ። ምንም ሳትጭንባት 52 አካባቢ ላይ አድርጋት፣ ስትጭንባት ወደ 50 ትወርዳለች። ቮልቱን ብቻ አይተህ አትመልስ፤ ቮልት የሚያስተካክል ዕቃ ካላት ዙሯ የትም ቢሆን 220 ታሳይሃለች። ሄርዙ 50 ሆኖ ቮልቱ ካነሰ ደግሞ ችግሩ ከሞተሩ አይደለም፣ ብሎኗን ተዋትና የጄኔሬተሩን ጭንቅላት የሚፈታ ኤሌክትሪሻን ፈልግ።